አምስት ደቂቃ የሚቀድሙት ሚስተር ዴልማር

ወፍ በሚታይበት የዓለም ጥግ ሁሉ አንድ ሰው አለ፤ እናንተ ከመድረሳችሁ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ የደረሰ ሰው። በረሃ ሂዱ፣ ሐይቅ ዳር ሂዱ፣ ከፈለጋችሁ የከተማ ቆሻሻ መድፊያ ሂዱ፤ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሩቅ የሚያቀርብ መነጽሩን፣ ባይኖኩላሩን፣ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ቁርሱን በልቶ እንደ ጨረሰ ሰው ዘና ብሎ ይጠብቃችኋል። ያማረውና የተዋበው ሁሉ ለእሱ ታይቶ አልቋል። ለእናንተ የተረፈው ቅርንጫፉ ነው።

እኛ ወፍ ለማየት የምንሰበሰብበት ምሽግ ድርሻ ክቡር ሚስተር ዴልማር ላድኒየር ናቸው።

«ክቡር» ያልኩት ለማሾፍ እንዳይመስላችሁ። ለማሾፍ ነው፤ ግን ለማሾፍ ብቻ አይደለም። እኚህን ሰው በየዓመቱ ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ውሃው ውስጥ ልገፈትራቸው ያሰብኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢሆንም እንዲህ ያለ ሰው ያለ ማዕረግ አይጠራም።

ፎርት ብሪስኮ የአላባማ መሬት አልቆ ባሕሩ ከሚጀምርበት አሸዋ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ጡብ ምሽግ ነው። የጥንት ሰዎች መርከብ እናስቆማለን ብለው ሠሩት፤ መርከቦቹ በሌላ በኩል አለፉ። መድፎቹ እስከ ዛሬ አፋቸውን ወደ ባሕሩ ከፍተው ይጠብቃሉ። በጸደይ ታዲያ የባሕረ ሰላጤውን ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቋርጡ ያደሩ ወፎች መጀመሪያ የሚያዩት የብስ ይኸው የኛ ምሽግና አጠገቡ ያሉት የኦክ ዛፎች ናቸው። እኛም ኮፍያችንን ደፍተን፣ የወባ ትንኝ ማባረሪያ ተቀብተን፣ ሳንድዊቻችንን ይዘን እንሰለፋለን። ደርሰን ገና ትንፋሻችንን ሳንሰበስብ ያቺ ድምፅ ትመጣለች።

«ውይ፣ ሚስ ዊልማ! አሁን እዚህ ነበር! አምስት ደቂቃ ብቻ ቀደም ብትዪ!»

ሚስ ዊልማ እኔ ነኝ።

ይህን ብለው ቢተዉ ጥሩ ነበር። አይተዉም። ምላሳቸውን ጧ ያደርጋሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ክንዴን ይዘው ቅርንጫፉ ድረስ ይወስዱኛል። «ይቺ ናት» ይላሉ፣ ከባለ ሥልጣን ጋር እንደሚያስተዋውቀኝ ሰው። «እዚህ ጋ ቁጭ ብሎ ክንፉን ዘርግቶ ነበር። ሁለቱንም ክንፍ! እንዲያውም ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ።» እኔ ቅርንጫፏን አያለሁ። ቅርንጫፏም እኔን ታያለች። ሌላ የምናደርገው ነገር የለንም።

ነገሩ በወፍ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። የልጃቸው የካርሊን ሠርግ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ዘግይቶ የደረሰውን የሙሽራውን አጎት በር ላይ ተቀብለው «አሁን እዚህ ነበር፤ እሺ አለችው» አሉት። ጀንበር ስትጠልቅ ሊያዩ ባሕር ዳር የተቀመጡ ሰዎችን «የትናንቱን ባያችሁ!» ብለው የዛሬውን ያበላሹባቸዋል። የጓደኛችን የበርል ቀብር ላይማ ፓስተሩ «አሜን» ብሎ ሳይጨርስ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ጠጋ ብለው፣ «በርል፣ ትናንት እኮ እዚሁ መቃብር ላይ ጭልፊት እርግብ ቀልቦ ሲወርድ አየሁ። ትንሽ ብትቆይ ምን ነበር?» አሉት። ሚስቱ ከጥቁር ሻሿ ውስጥ በሳቅ ፈረሰች። ይቅር አለቻቸው ማለት ነው። እሳቸውን ይቅር የማይል የለም፤ በሽታው እዚህ ላይ ነው።

ከኦሃዮ የመጡት የባልና ሚስቱ የሌቪና የዶርካስ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። ሌቪ ባለ ሰፊ ክፈፍ ኮፍያ፣ ዶርካስ ነጭ ቆብና ረጅም ቀሚስ ያደረጉ፣ አፍ የሌላቸው ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንድ ወፍ ለማየት ነበር የመጡት፤ ራሱ ሰማያዊ፣ ሆዱ ቀይ፣ ጀርባው አረንጓዴ የሆነ፣ ሕፃን ልጅ ቀለም የደፋበት የሚመስል ወፍ። ሚስተር ዴልማር በሩ ላይ ያዟቸው።

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከኦሃዮ» አለ ሌቪ።

«ኦሃዮ! ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበርን በሉኛ! ውይ፣ ውይ፣ ውይ። አሁን እዚህ ነበር። እዚያች ቅርንጫፍ ላይ። አምስት ደቂቃ!»

ሌቪ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። ዶርካስ ቅርንጫፏን ትክ ብላ አየቻትና፣ «ቅርንጫፏ ቆንጆ ናት» አለች። ከዚያ ሁለቱም መኪናቸው ውስጥ ገብተው የተቀቀለ ለውዝ እየፈለፈሉ በሉ። እኔ በመስኮቱ አይቻቸው ፊቴን አዞርኩ።

እኔም አንድ ጊዜ እልህ ይዞኝ ነበር። ገና ሳይነጋ ተነስቼ የምሽጉ በር ሲከፈት የመጀመሪያዋ ሰው ሆኜ ገባሁ። ሚስተር ዴልማር የሉም! ልቤ ጮቤ ረገጠች። ዛሬ እኔ ነኝ «አሁን እዚህ ነበር» የምላቸው ብዬ ቅርንጫፍ ስመርጥ ቆየሁ። መጡ፤ ሰላምታ ሰጡኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሁለታችንም ከድንቢጥ በቀር አንድም ነገር ሳናይ ዋልን። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ከመኪናዬ ሳልወርድ መስኮቴን አንኳኩ።

«ሚስ ዊልማ፣ ትናንት ምን ነካሽ? አምስት ደቂቃ ብቻ ብትቆዪ! እንደወጣሽ መጣ እኮ!»

ለካ እኚህ ሰው አምስት ደቂቃውን ከፊትም ከኋላም ይዘውታል።

ይዋሻሉ እንዳትሉኝ፤ እሱንም ሞክረነዋል። በዚህ የተጠረጠሩት በካፒቴን ሁበርት ነው። ሁበርት በአዘቦቱ ቀን አየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የጥንት ወታደር የሱፍ ልብስ ለብሶ፣ በዚያ ወበቅ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ጓዶቹን አሰልፎ ልክ እኩለ ቀን ላይ ለጎብኚ መድፍ ይተኩሳል። ጥይት የለውም፣ ባሩድና ጩኸት ብቻ ነው። ጩኸቱ ግን ለወፍ ይበቃል፤ ስለዚህ እኛና የሁበርት ጦር ከጥንት ጀምሮ ደመኞች ነን። ይኸው ሁበርት አንድ ቀን «እኚህ ሽማግሌ ቀጣፊ ናቸው» ብሎ የራሱን ካሜራ አንገታቸው ላይ አሰረላቸው። በሦስተኛው ቀን ሚስተር ዴልማር ካሜራውን መለሱለት። ያሉት ወፍ ሁሉ ውስጡ አለ፤ ጥርት ብሎ፣ አንዱማ ወደ ካሜራው ዞሮ። ቢዋሹ ኖሮ እንወዳቸው ነበር። ችግሩ እውነታቸውን ነው።

ሁበርት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስ ነከሰባቸው። እሳቸውም አልማሩትም። መድፉ በተተኮሰ ቁጥር ጆሮአቸውን እየጎረጎሩ ለጎብኚዎቹ «የባለፈው ቅዳሜው ይበልጥ ነበር፤ አመለጣችሁ» ይላሉ።

«ሚስተር ዴልማር፣ መድፍ እኮ ነው!» ይጮሃል ሁበርት። «ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚጮኸው!»

«እንግዲህ እኔ ጆሮዬን ነው የማምነው፣ ካፒቴን።»

አሁን ስለ ፓዩ፣ በምድጃ ስለሚጋገረው ጣፋጭ፣ ልንገራችሁ፤ ያለ ፓዩ ነገሩ አይገባም። በኛ ዘንድ ሥርዓት አለ። አንድ ሰው በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ወፍ ያየ ዕለት ፓይ ይበላል። ያላየ አይቀምስም። ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም፣ በዚህ ነገር የተኳረፉ ሰዎች አውቃለሁ። የሚስተር ዴልማር ባለቤት ሚስ ቨርና ሚያዝያን ሙሉ ፔካን በሚባል ለውዝ የተሞላ ፓይ እየጋገረች በፒክ አፕ መኪናቸው ይዛ ትመጣለች፤ ሚስተር ዴልማርም በገዛ እጃቸው ቆርሰው አዲስ ወፍ ላየ ሁሉ ያድላሉ። እሳቸው ግን አይነኩም። ለዓመታት አልነኩም። ሁሉን አይተው ጨርሰዋላ! እዚህ አገር ከሚያልፉት ወፎች ያላዩት አንዲት ብቻ ቀርታለች።

እሷም ሰማያዊቷ ናት። ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ፣ ጀርባዋ የጠራ ሰማይ፣ ሆዷ ነጭ፣ አንገቷ ላይ ቀጭን ጥቁር ክር ያሰረች ወፍ። የምታልፈው በሚያዝያ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ እሱንም ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰውራ። ሌላው ሰው አይቷታል። ሁበርት እንኳ፣ ወፍ ከዶሮ የማይለየው ሁበርት፣ መድፍ ሲወለውል አይቷታል። ያላየናት ሚስተር ዴልማርና እኔ ነን። እኔ ገና ነኝ ብዬ እጽናናለሁ። እሳቸው ግን በመጽናኛ ዕድሜ ላይ አልነበሩም።

አንድ ቀን ሚስ ቨርናን «ይሄ አምስት ደቂቃ የሚሉት ነገር ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ፓዩን በጨርቅ እየሸፈነች በሳቅ ተንከተከተች።

«ከኔ ነዋ! አዲስ ሙሽሮች ሆነን እዚህ መጣን። ዴልማር መኪናውን ቆልፌ ልምጣ ብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ ሰማያዊቷ ዱብ አለችልኝ፤ እዚያ መድፍ ላይ። እሱ ሲደርስ ሄዳለች። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ 'አሁን እዚህ ነበረች! አምስት ደቂቃ ብቻ ቀደም ብትል!' አልኩት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። እኔን ሊለኝ ፈልጎ ይመስለኛል፤ ግን እኔ ሁልጊዜ አብሬው ነኝ፣ ምን ያድርግ?»

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ እንግዲህ ነገር ተበላሸ። አውሎ ነፋሱ የቤታቸውን ጣሪያ ለሁለተኛ ጊዜ ወስዶት ነበር፤ የሚስ ቨርና ጉልበትም ደረጃ አልወጣም ብሏል። ልጃቸው ካርሊን አሪዞና ወስዳ ከራሷ ጋር ልታኖራቸው ወሰነች። ቤቱ ተሸጠ። ሰኞ ይሄዳሉ ተባለ። አሪዞና ውስጥ ሰማያዊቷ አታልፍም፤ ያን ያህል ሁላችንም እናውቃለን። ሚስተር ዴልማር በዚያ ሳምንት እንደወትሮው ከሁላችን ቀድመው በር ላይ ይገኙ ነበር፤ ግን ስንመጣ ቅርንጫፍ አላስተዋወቁንም። «ደህና አደራችሁ» ብቻ ይሉናል። አቤት፣ ያ «ደህና አደራችሁ» እንዴት ያስፈራ ነበር!

ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ይነፍስ ጀመር።

እዚህ ላይ ክፋታችንን ልናገር። ወፎቹ ባሕሩ መሀል እያሉ ዝናብና የሰሜን ነፋስ ፊት ለፊት ከመታቸው ጉልበታቸው ያልቃል፤ ያገኙት የመጀመሪያ መሬት ላይ እንደ ሾላ ፍሬ ይረግፋሉ። ለነሱ መከራ ነው። እኛ ደግሞ ለዚህ ቀን እንጸልያለን። የርግፍ ቀን እንለዋለን፤ በብዙ ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። በርግፍ ቀን ሰው ሥራ ይቀራል፣ ሠርግ ጥሎ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ አይደረግም፤ ባይኖኩላር ማዋስ። ኩላሊት ለምኑን፣ እናስብበታለን። ባይኖኩላር ግን አትጠይቁን።

ዝናቡ ወርዶ ሲያባራ እኔ የምሽጉ ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ ረገፉ! ሣሩ ላይ ቢጫ፣ ግንቡ ላይ ቀይ፣ የመድፉ ጎማ ላይ ብርቱካን! አንዲት ወፍ የሁበርት ወታደራዊ ቆብ ላይ አርፋ ላባዋን አራገፈች፤ ካፒቴኑ አንገቱን እንደ ሐውልት አድርጎ ቆመ። አንዲት ቢጫ ወፍ ጫማዬ ላይ ወጥታ ማሰሪያዬን ትል መስሏት ጎተተች። ማንም አይጮኽም፣ ሁሉም በሹክሹክታ ያብዳል። «እዪ! እዪ! እዚያ! አይ፣ እግርሽ ስር!» የማላውቃቸው ሰዎች አቀፉኝ። እኔም የማላውቃቸውን አቀፍኩ። እንባዬ የባይኖኩላሩን መስተዋት እያደበዘዘብኝ ስጠርግ ስጠርግ ድንገት አንድ ነገር ታወሰኝ።

ሚስተር ዴልማር የሉም።

ወደ መኪና ማቆሚያው ሮጬ ደወልኩ። ሚስ ቨርና አነሳችው።

«አልሰማሽም ጉዳችንን? ካርሊን ባይኖኩላሩን ከሳህኖቹ ጋር ጠቅልላ አሽጋዋለች። የዕቃ መኪናው ገና በጠዋት ሄዷል፤ ይሄኔ ሚሲሲፒን አልፏል። ዴልማር ሣጥን ሁሉ ሲገለብጥ ነው ያረፈደው። አሁን ደግሞ የመኪናው ቁልፍ ጠፍቶበት የማይባል ነገር እያለ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለው።»

«ያለ ባይኖኩላር ይምጡ! ወፉ እግር ስር ነው!»

«ዴልማር!» ብላ ስትጮኽ ሰማሁ። «ቁልፉ እጅህ ላይ ነው!»

ስልኩን ዘግቼ ስመለስ መድፉ ዙሪያ ሰዎች ተሰብስበዋል። የኦሃዮዎቹ ሌቪና ዶርካስም አሉ፤ ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ በየዓመቱ ይመጣሉ። ዶርካስ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የአንዳቸውንም ዓይን ማየት አልቻልኩም፤ አንዱ ኮፍያውን ያስተካክላል፣ ሌላው መሬት ያያል።

«ሰማያዊቷ ናት?» አልኩ።

«የመድፉ አፍ ላይ…» አለች ዶርካስ። «ሚስ ዊልማ፣ አሁን…»

«አትንገሪኝ!»

«ግን አልሄደችም» አለች ቶሎ ብላ። «ኦኩ ውስጥ ገብታለች። ስትገባ አይተናል።»

ኦኩ ከመድፉ አጠገብ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። እኩለ ቀን ደርሷል። ጎብኚው ተሰልፏል፤ ልጆች ጆሮአቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ የሁበርት ጦር ባሩዱን ይዞ ቆሟል። ያ መድፍ ከጮኸ ኦኩ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። ወደ ሁበርት ሄድኩ።

«ሁበርት፣ በፈጠረህ አትተኩስ። ሰማያዊቷ እዚያ ውስጥ ናት። ሚስተር ዴልማር መንገድ ላይ ናቸው።»

ሁበርት ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እኚያ ሰውዬ የመድፌን ድምፅ ስንት ዓመት ሲያጣጥሉብኝ እንደኖሩ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ዝናብ ጥሎ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ አንድ ቅዳሜ ሳልተኩስ አልፌ አላውቅም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ወደ ኦኩ አየ። ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ክቡራትና ክቡራን! ባሩዱ ረጥቧል!»

«ካፒቴን» አለ አንዱ ወታደሩ፣ «ምንም አልረጠበም እኮ። ሣጥኑ…»

«ረጥቧል አልኩህ!»

አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ሁበርት ኪሱን ዳብሶ ከረሜላ ሰጠው። እኔ ይህን ሰው ስንት ዓመት በክፉ ሳየው እንደኖርኩ ገረመኝ።

ፀሐይ እየወጣች ነበር። ይሄ መጥፎ ምልክት ነው፤ ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ከነፈሰ ወፎቹ ተነስተው ወደ መሀል አገር ይነጉዳሉ። ከሣሩ ላይ አንዳንዶቹ መነሳት ጀምረዋል። ያን ጊዜ ፒክ አፑ መጣ። ሚስተር ዴልማር ሸሚዛቸውን ገልብጠው ለብሰው፣ የቤት ነጠላ ጫማ አድርገው ወረዱ። ሚስ ቨርና ፓዩን ታቅፋ በቀስታ ከኋላ ተከተለች። እሳቸው ሮጠው መድፉ ጋ ደረሱና ፊታችንን አዩ።

እስቲ አስቡት። እዚያ የቆምነው ሁሉ ሚስተር ዴልማር አንድ ቀን በአንድ ወፍ አቃጥለውናል። ያቺን ቃል መልሰን የምንልበት ቀን እጃችን ላይ ወደቀ። የሌቪ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ሁለት ቀን መንገድና አንዲት ቅርንጫፍ ጉሮሮው ላይ ደርሰው ነበር። ዋጣቸው። ሁበርት ዞር ብሎ የሳል ድምፅ አሰማ።

«እሷ ናት አይደል?» አሉ ሚስተር ዴልማር። ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «አሁን እዚህ ነበረች።»

«አሁንም እዚህ ናት፣ ሚስተር ዴልማር» አለ ሌቪ። «እንፈልጋታለን።»

የሁሉም ባይኖኩላር ባንድ ጊዜ ወደ ኦኩ ተነሳ። ኦሃዮ፣ አላባማ፣ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ሰዎች፤ ሁሉም ዛፉን ቅጠል በቅጠል ይፈትሻል። እኔም እፈትሻለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ለሳቸው ብዬ ብቻ አልነበረም። ለራሴም ነው። አንድ ቅጠል ተነቃነቀ፤ ሌላ ወፍ። አንድ ጥላ አለፈ፤ ሌላ ወፍ። ከዛፉ ጫፍ አንድ መንጋ ተነስቶ ወደ መሀል አገር ሄደ። አለቀልን አልኩ።

«አገኘኋት» አለች ዶርካስ፣ ትንፋሽ በሚመስል ድምፅ። «ጫፉ ላይ። ደረቁን ቅርንጫፍ አያችሁት? ከሱ በስተቀኝ፣ ትንሽ ዝቅ ብላ። አንገቷን እያከከች ነው።»

ባይኖኩላሬን ወደ ደረቁ ቅርንጫፍ አዞርኩ። ደረቁን አገኘሁት። ወደ ቀኝ ልሄድ ስል ከጎኔ ያለውን ሰው በዓይኔ ጫፍ አየሁት። ሚስተር ዴልማር እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን አጨንቁረው ያያሉ። ያን ያህል ከፍታ ላይ በባዶ ዓይን የሚታየው ቅጠል ነው። አውሺኝ አላሉም። እንዲያውም ባይኖኩላር የሚባል ነገር መኖሩን የረሱ ይመስላሉ።

እጄ ነው ያደረገው እንጂ እኔ አላሰብኩበትም። ባይኖኩላሩን ከዓይኔ አንስቼ ዓይናቸው ላይ አደረግሁት። ማንጠልጠያው አንገቴ ላይ እንዳለ ነበር፤ ስለዚህ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀን ቆምን። እሳቸው ሰማያዊቷን አዩ። እኔ የሚስተር ዴልማርን ጆሮ አየሁ። ፀጉር ያለው ትልቅ ጆሮ ነው።

«ውይ» አሉ። «ውይ… ቨርና። ሰማይ እኮ ናት። ቨርና፣ ክሯን አየሁት። ወደኔ ዞረች።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ዓለም» አለች ሚስ ቨርና ከኋላችን። «እኔም አይቻት የለ?»

ከዚያ ሰማያዊቷ ሄደች። አልነገሩኝም፤ ጉንጫቸው ሲላላ ገባኝ። ባይኖኩላሩን ቀስ ብለው አወረዱና ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው በእንባ ርሷል። አፋቸው ተከፈተ፤ የቆየ ልማድ ነው፣ እንደ መኪና ሞተር በራሱ ይነሳል።

«አሁን እ…»

ቆሙ። ባየኋቸው ዓመታት ሁሉ ያን ቃል ሲውጡት የመጀመሪያው ነው። ዓይናቸው ከባይኖኩላሩ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ዛፉ ሄደ። እኔም አይቻት እንደማላውቅ ገና ያን ጊዜ ገባቸው።

«እዚህ ነበረች» አልኩላቸው። «አምስት ደቂቃ ብቻ ብቀድም!»

መጀመሪያ የሳቀው ሌቪ ነው። ከዚያ ዶርካስ፣ ከዚያ ሁበርት፣ ከዚያ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ። ሚስተር ዴልማር ግንባራቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ይሳቁ ያልቅሱ አላውቅም፤ ትከሻዬ ግን ረጥቧል።

ፓዩን ሚስ ቨርና ቆረሰች። ሚስተር ዴልማር የመድፉ ጎማ ላይ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲጎርሱ ሁላችንም አፍ አፋቸውን አየን። እኔ አልቀመስኩም፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው። እሳቸው ግን ቁራሻቸውን እኩል ከፍለው ግማሹን በወረቀት ጠቀለሉና ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። «ስታያት ትበዪዋለሽ» አሉ። ማምሻውን፣ ወፎቹ ሁሉ ወደ መሀል አገር ካለፉ በኋላ፣ ካፒቴን ሁበርት «ባሩዱ ደርቋል!» ብሎ ጮኸና መድፉን ለክብራቸው ተኮሰ። ሚስተር ዴልማር ጆሮአቸውን እየጎረጎሩ ትንሽ አሰቡ።

«ካለፈው ቅዳሜ ይሻላል» አሉ። ሁበርት ይህን ቃል እስከ ዛሬ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል።

ሰኞ ሄዱ።

ዘንድሮ ሚያዝያ ከገባ ወዲህ በየምሽቱ ከአሪዞና ስልክ ይደወላል።

«ሚስ ዊልማ፣ አየሻት?»

«ወፍ የለም፣ ሚስተር ዴልማር።»

«መቼ ደረስሽ?»

«በሩ ሲከፈት።»

«አምስት ደቂቃ ቀደም በዪ እንጂ፣ የኔ ማር! ፓዩስ?»

«ፍሪዘር ውስጥ ነው። አልነካሁትም።»

«ጎሽ» ይሉና ስለ በረሃው ወፎች ይተርኩልኛል፤ በረንዳቸው ላይ ምን እንዳረፈ፣ ካርሊን በአምስት ደቂቃ እንዴት እንዳመለጣት። ከኋላ ሚስ ቨርና «ሴትዮዋ እራቷን ትብላ፣ ተዋት!» ትላለች። አናቋርጥም።

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ ከመኪናዬ ስወርድ ሌቪን ከሩቅ አየሁት፤ መድፉ አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን እያውለበለበ በእጁ ይጠራኛል። ዶርካስ ከጎኑ ትዘላለች፤ ያቺ ጨዋ ሴት ትዘላለች! ምን እንዳገኙ መጠየቅ አያስፈልግም። ሩጫው ትንሽ ነው፣ እግሬም ደህና ነው፤ ግን አየኋት ካልኩ የማታው ስልክ ምን ይሆናል? ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁና እንደገና ማሰር ጀመርኩ። የግራውን ጨርሼ የቀኙንም አሰርኩ።

ስደርስ ሌቪ በሐዘን ኮፍያውን አወለቀ። «ሚስ ዊልማ! አሁን እዚህ ነበረች! አምስት ደቂቃ ብቻ ቀደም ብትዪ!»

«ውይ» አልኩ። «በሞትኩት።»

ማታ ስልኩ ሲጠራ ገና የመጀመሪያውን ጥሪ ሳይጨርስ አነሳሁት።